የሌላውን ሕዝብ ልብስ ለሃሎዊን መልበስ ነውር ነው? ስለ ልጄ የላባ ዘውድና ስለ ጎረቤቴ ልጅ የሐበሻ ቀሚስ

የናሆም እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በአንድ ቀን ሁለት ጉዳይ ገጠመኝና ለሁለቱ የሰጠሁት መልስ እርስ በርሱ ስለተጋጨብኝ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነገር ነው። ልጆች ልብስ ለውጠው ከቤት ቤት ከረሜላ ለሚለምኑበት ለሃሎዊን በዓል የሚሆነውን ልብስ ልንገዛ ሱቅ ገብተን ሳለ «የሕንድ አለቃ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ እሽግ አነሣ። በውስጡ ዘርፍ ያለው ቡናማ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ መጥረቢያ፣ ፊት የሚቀባበት ቀይና ነጭ ቀለም፣ እንዲሁም ቀለም ከተነከረ የዶሮ ላባ የተሠራ ትልቅ የራስ ዘውድ ነበረበት። ልጄ የጠየቀኝ ለማላገጥ ሳይሆን በትምህርት ቤት ስለ ቀይ ሕንዶች ጀግንነት ተምሮ ስለወደዳቸው ነው። ከኋላችን የቆመች አንዲት ሴት ግን ይህ ልብስ ሰዎችን እንደሚያስቀይም በትሕትና ነገረችኝ፤ እኔም አፍሬ እሽጉን ወደ ቦታው መለስኩት። ልጄ እስከ ቤት ድረስ አኩርፎ አላናገረኝም፤ የምመልስለት በቂ ምክንያትም አልነበረኝም።

በዚያው ምሽት አሜሪካዊት ጎረቤቴ መጥታ፣ ልጇ በመስቀል ዕለት የእኔን ሴት ልጅ በሐበሻ ቀሚስ አይታ እጅግ እንደወደደችው ነገረችኝና፣ ለሃሎዊን «አፍሪካዊት ንግሥት» እንድትሆንበት ቀሚሱን እንዳውሳት ጠየቀችኝ። ይህች ሴት ስታመም ሾርባ ሠርታ የምታመጣልኝ ሰው ናት። ለሰርግ ወይም ለገና ብላ ብትጠይቀኝ ኖሮ ነጠላውን ጭምር አውጥቼ በገዛ እጄ ባለበስኳት ነበር። ለሃሎዊን ስትለኝ ግን ልቤን ቅር አለው፤ «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘኋት። ልጄ የሌላውን ሕዝብ ልብስ ቢለብስ ክፋት አይታየኝም ነበር፤ የእኛ ሲለበስ ግን ቅር አለኝ። የተሳሳትኩት በየትኛው ነው?

አንባቢ ከሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ

እህቴ፣ እኔ በዚህ ግዛት አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት የሠራሁት በሥጋ ፋብሪካ ሲሆን፣ በሥራው መስመር ላይ አጠገቤ ቢላ ይዞ ይቆም የነበረው ሰው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የላኮታ ተወላጅ ነበር። ስለ ዘውዱ የምነግርዎት ከእርሱና ከቤተሰቡ የሰማሁትን፣ በኋላም ያነበብኩትን ነው።

ያ የላባ ዘውድ ሽልማት እንጂ ልብስ አይደለም። በላኮታ፣ በሸያንና በክሮው፣ በሌሎችም የሜዳማው ምድር ሕዝቦች ዘንድ የንስር ላባ የሚሰጠው ለተፈጸመ ጀብዱ ወይም ለሕዝብ ለተደረገ አገልግሎት ነው። ላባው አንድ በአንድ ተጠራቅሞ ዘውድ እስኪሆን ዕድሜ ይፈጃል፤ ለዚያ ክብር የሚበቃውን የሚለየውም ሕዝቡ እንጂ ለባሹ ራሱ አይደለም። የባልደረባዬ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ስትጨርስ ተጋብዤ ሄጄ ነበር። አያቷ አንዲት ላባ በፀጉሯ ላይ ሲያስሩላት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቤት ሙሉ ሰውም ሥርዓቱ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። በጭፈራ መካከል አንድ የንስር ላባ መሬት ቢወድቅ ጭፈራው ይቆማል፤ የሚያነሣውም በጦር ሜዳ ያገለገለ ሰው በሥርዓት ነው። የአገሪቱ ሕግ ራሱ ይህን ያውቃል። ንስርን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው ሕግ ማንም ሰው የዚህን ወፍ ላባ እንዳይዝ ይከለክላል፤ የነባር ሕዝቦች አባላት ግን ለሃይማኖታቸው ሥርዓት በፈቃድ ሊይዙት ይችላሉ።

ለእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎፈርን ያስቡ። ከአንበሳ ጋማ የሚሠራውን ጎፈር አባቶቻችን በራሳቸው ላይ የሚያደርጉት አንበሳ የገደሉ ወይም በጦር ሜዳ የታወቀ ጀብዱ የፈጸሙ እንደሆነ ነው። በሚያዝያ 27 አንድ አዛውንት አርበኛ ጎፈራቸውን አድርገው ሲቆሙ፣ አጠገባቸው አንድ ጎልማሳ ከጭድ የተሠራ ጎፈር ደፍቶ፣ ፊቱን ተቀባብቶ፣ ከረሜላ ሲለምን ቢያዩ ምን ይሰማዎታል?

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1879 በፔንስልቫኒያ የተከፈተው የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው እየወሰደ፣ በደረሱበት ዕለት የአገር ልብሳቸውን ያስወልቅና ፀጉራቸውን ይቆርጥ ነበር፤ ቋንቋቸውንም እንዳይናገሩ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ መንግሥት ሃይማኖታዊ ጭፈራቸውን የሚከለክል ደንብ አወጣ። በሕግ አምልኳቸውን በነፃነት እንዲፈጽሙ የተረጋገጠላቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እንግዲህ የአያቱን ልብስ በግድ ያስወለቀ አገር ያንኑ ልብስ በፕላስቲክ አሽጎ ለልጆች መጫወቻ ሲሸጠው ማየት ለባልደረባዬ ምን እንደሆነ እርስዎ ይገምቱት። በሱቅ ያገኟት ሴትም ስለዚህ ሳትናገር አልቀረችም።

አንድ ነገር በትሕትና ልጨምር። «ቀይ ሕንዶች» የሚለውን ስያሜ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ያለ ክፋት የምንጠራበት ቢሆንም፣ ብንተወው መልካም ነው። በእርስዎ ሰፈር አካባቢ የሚጫወተው የዋሽንግተን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ለብዙ አሥርት ዓመታት በቆዳቸው ቀለም የወጣላቸውን ስም ይዞ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ያንን ስም የተወው እነዚሁ ሕዝቦች ለብዙ ዘመን ስለተቃወሙት ነው።

ነጋዴ ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን ስለ ላባው የተናገሩትን በሙሉ እቀበላለሁ። ስለ ቀሚሱ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ፤ ሃያ ዓመት የሐበሻ ልብስ ሸጬ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝና እንድትሰሚኝ እለምንሻለሁ።

ቀሚሳችን እንደ ጎፈር ተመርጦ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ነገር አይደለም። የበዓል ልብስ ነው፤ የፈለገ ሁሉ እንዲለብሰው የሚሸመን፣ የሚሰፋና የሚሸጥ ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ አንዲት ፈረንጅ ገዝታ ስትለብስ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ከንጋት ጀምሮ መወርወሪያ የሚያመላልሰው የዶርዜ ሸማኔ እንጀራ ይበላል። «የእኛን አትልበሱ» ብንል የምንጎዳው ይህን ሰው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ጥለቱ በማሽን የታተመበት፣ ድርና ማጉ ጥጥ ያልሆነ፣ ከሩቅ የሐበሻ ቀሚስ የሚመስል ሲነኩት ግን እንደ ላስቲክ የሚንሸራተት ጨርቅ በእኛው ስም ሲቸበቸብ ነው። ስለዚያ ማንም ሲቆጣ አልሰማም።

ስለዚህ ለልጅቷ ስጫት። ግን አንቺው አልብሻት። ነጠላው ጥለቱ ወደ አንገት ከሆነ ሐዘን መሆኑን፣ ወገብ ላይ ሲታሰር ማደግደግ መሆኑን፣ ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ መስቀለኛ እንደሚጣፋ አሳያት። ለእናቷም ይህ የአፍሪካ ንግሥት ልብስ ሳይሆን እናቶቻችን ለበዓል የሚለብሱት መሆኑን ንገሪያት። «አፍሪካዊት ንግሥት» ያለችው ባለማወቅ ይመስለኛል፤ ያላወቀ ሰው ደግሞ ይነገረዋል።

ይህን ስል ሁሉም ልብስ አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ ይህንንም የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን የአንዱን የሌላውን ብሔረሰብ ልብስ ለብሳችሁ ኑ ስለሚሏቸው ሱቄ በወላጆች ይሞላል። አንድ ዓመት ለሴት ልጆች ከኦሮሞ ልብስ ጋር እንዲሄድ ብዬ ሲንቄ የሚባለውን የሴቶች በትር በትንንሹ አሠርቼ ደርድሬ ነበር። አንዲት የአርሲ እናት ገብተው በትሩን አነሡና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ያዙት። ከዚያም ሲንቄ በሰርግዋ ቀን እናት ለልጇ የምትሰጣት፣ ያገባች ሴት መብቷ ሲደፈር ይዛው የምትወጣው፣ ሁለት ወገን ሲጣላም ሴቶች ይዘውት መካከል የሚገቡበት መሆኑን ነገሩኝ። «ልጆች በእሱ ሲማቱ አይቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልብሱን እስከ ዛሬ ለሁሉም እሸጣለሁ፤ በትሩን ግን በዚያው ቀን አነሣሁት።

አንባቢ ከኔታንያ፣ እስራኤል

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በጥሞና አንብቤአለሁ፤ ስለ ልብሱ ብዙ ተብሏልና እኔ ስለ ቀለሙ ብቻ ልናገር።

እኛ ቤተ እስራኤል አገር ቤት ሳለን የአስቴርን ጾም እንጾም ነበር እንጂ የአስቴር መታሰቢያ በሆነው በፑሪም በዓል ልብስ ለውጦ መዞርን የተማርነው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። በዓሉን እወደዋለሁ፤ ልጆችም ይደሰቱበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን በልጅ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት አንድ ልጅ ፊቱንና እጁን ቡናማ ቀለም ተቀብቶ፣ ነጭ አንሶላ ተከናንቦና በስግድ በዓላችን ዕለት ቄሶቻችን የሚይዙትን የመሰለ ጥላ ይዞ መጣ። ምን ሆነህ ነው የመጣኸው ሲሉት «ኢትዮጵያዊ» አለ። ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በኋላም ቤታችን ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠይቀውናል። የልጅ ልጄ ግን በዚያ ምሽት «አያቴ፣ እርሱ የለበሰው እኔን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለእኔ ድንበሩ ግልጽ ነው። ልብስ ይወልቃል፤ ልብስ መዋዋስም ይቻላል። አንድን ሕዝብ ራሱን፣ ከነመልኩና ከነአምልኮው፣ እንደ አንበሳና እንደ ጠንቋይ ካሉ የመጫወቻ ገጸ ባሕርያት ጋር ማሰለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የልጅዎ እሽግ ውስጥ የፊት ቀለም ነበረበት ብለዋል፤ ላባው እንኳ ባይኖር እኔ በዚያ ቀለም ብቻ እከለክለው ነበር። ቀሚሱን በተመለከተም ልብዎን ቅር ያለው ልጅቷ ስለምትለብሰው ሳይሆን፣ ለብሳው እርስዎን «ልትሆን» ስለተባለ ይመስለኛል።

አንባቢ ከቦስተን

ከሽሮ ሜዳ የጻፉት እናት ደስ እያላቸው የሚሸጡት ቀሚስ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ለምን ቅር እንደሚያሰኝ የሚያስረዳ አንድ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚህ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሠዓሊው ሞኔ ሚስቱን በጃፓን ኪሞኖ የሣለበት ሥዕል ፊት ለፊት ጎብኚዎች ተመሳሳዩን ኪሞኖ እየለበሱ ፎቶግራፍ እንዲነሡ ጋብዞ ነበር። የእስያ ዝርያ ያላቸው ወጣት አሜሪካውያን ተቃውሞ አነሡና ሙዚየሙ ሕዝቡ ኪሞኖውን በእጁ እንዲነካው እንጂ እንዳይለብሰው ወሰነ። ከጃፓን የመጡ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ተቃውሞው አላስደሰታቸውም፤ ያው ኪሞኖ በጃፓን ሲታይ ጎብኚዎች ይለብሱት ነበርና። በኪዮቶም ለአገር ጎብኚ ኪሞኖ ማከራየት የታወቀ ሥራ ነው።

እኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው እላለሁ። በአገሩ የሚኖር ሰው በልብሱ ተሰድቦ አያውቅም፤ ባዕድ ሲለብሰው የሚታየው አክብሮቱ ነው። በሰው አገር ያደገ ልጅ ግን ያንኑ ልብስ ለብሶ ትምህርት ቤት ሲሄድ ተስቆበታል። እኔ ራሴ በስድስተኛ ክፍል ለባህል ቀን ነጠላ ለብሼ ሄጄ፣ አንሶላ ነው ተብዬ፣ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩ ልጅ ነበርኩ። የሳቁብኝ ልጆች ነገ ያንን ነጠላ እንደ ጌጥ ቢለብሱት ደስ የሚለኝ አይመስለኝም። ሽሮ ሜዳ ያሉ እናታችን ይህ ስላልደረሰባቸው አልፈርድባቸውም፤ እርሳቸውም በእኛ እንዳይፈርዱ እለምናለሁ።

የናሆም እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በቅዳሜ ዕለት ልጄን አስቀምጬ የአባቴን አያት ፎቶግራፍ አሳየሁት፤ ጎፈር አድርገው፣ ጋሻ ይዘው የተነሡት ነው። ጎፈሩን እንዴት እንዳገኙት፣ ለምንስ ወንድማቸው እንዳላገኘ ነገርኩት። ዝም ብሎ ካየው በኋላ «እንግዲያው ይህንንም ለሃሎዊን ማድረግ አልችልም ማለት ነው?» አለኝ። አዎን አልኩት። ከዚያ የላባውን ነገር ማስረዳት አልከበደኝም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብስ ገዝተናል።

ከጎረቤቴ ጋርም ተነጋገርኩ። ቅር ያለኝን ነገር፣ የኔታንያው አባታችን በተናገሩት መንገድ፣ ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ደነገጠች፤ ይቅርታም ጠየቀችኝ። እኔም ቀሚሱን አልከለከልኳትም፤ ለገና እንዲመጡ ጋብዣቸዋለሁ። ልጅቷ ትናንት መጥታ ለካችው፤ ነጠላውን በሁለት እጇ ይዛ በየት በኩል እንደሚጣፋ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ትከሻዋ ላይ ጥቂት ይሰፋታል፤ እስከ ገና ድረስ አጠብበዋለሁ።