«ወንድ ነበረ» ማለት ምን ማለት ነው?

የቄራው፦ አንድ ተንታኝ ነኝ ባይ ዩቲዩብ ላይ ቀርቦ «የዛሬ ፖለቲከኛ ሴታሴት ነው፤ መንግሥቱ ኃይለማርያም ቢያንስ ወንድ ነበረ» አለ። አወያዩ ስቆ አለፈው። እኔ ማለፍ አቃተኝ። የቱ ጋ ነው ወንድነቱ? ሰውን ሁሉ አንድ ሰው እስኪቀር ተዋጉ ሲል ከርሞ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ብላቴ ምልምሎችን ልጎበኝ ብሎ ተነስቶ በናይሮቢ በኩል ሐራሬ የገባው?

አባ መብረቅ፦ ጀመራችሁ ደግሞ። ሰውየው ያወራው ስለ ቆራጥነት ነው። ሶማሊያ ስትወርረን ታጠቅ ጦር ሰፈር ላይ ሚሊሺያ አሰልጥኖ ካራማራን ያስመለሰ መሪ ነው። የእናንተ መሪ ምን አስመለሰ?

የቄራው፦ «ቆራጥነት» አላለም። «ወንድ» ነው ያለው። አታስተካክልለት።

እሙ ናታን፦ ካራማራን ያስመለሰው ወታደሩ ነው። አብረውት የተዋጉትን ኩባዎችንም አትርሱ እንጂ። ደግሞ መንግሥቱ በሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ እያነሳ የፈጠፈጠበትን ፊልም እስቲ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ክንዱን ብቻ እዩ። ያ ፖሊሲ አይደለም፣ ፉከራ ነው። ሕዝቡም ያጨበጨበው ለፉከራው ነው። ከዚያ በኋላ በቀይ ሽብሩ አስከሬን ፍለጋ የዞሩት ግን እናቶች ናቸው።

ጎንደሬው ከዲሲ፦ ወንድ ከተባለ ቴዎድሮስ ነው፣ አለቀ! በ1860 እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን ጠጣ። ሕዝቡስ ምን አለ?
«መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ»

ማሪዋ፦ «የሴቱን አላውቅም»። ተመስገን፣ ራስህ አመጣኸው። እኔ ልንገርህ የሴቱን። የቴዎድሮስ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅ እንግሊዞች ይዘዋት ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞተች። ልጇን አለማየሁን ወሰዱት፤ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ወንድ አንድ ሰው ሲሞት ዕዳው ማን ላይ እንደወደቀ ግጥሙ አልነገረንም።

ጎንደሬው ከዲሲ፦ ለቅሶ ላይ የተገጠመን ፌሚኒስት አታድርጊብን እህቴ።

ማሪዋ፦ ያደረግኩት ነገር የለም። አላውቅም ያለውን ነው የሞላሁት።

አባ መብረቅ፦ እና ጣይቱስ? መቀሌ ላይ የጣልያንን ምሽግ ውሃ ያስያዙ እሳቸው አይደሉም? ሴት ናቸው ብሎ የናቀ አለ?

ማሪዋ፦ ጦር ሜዳ ላይማ «ወንዳታ» ይባላል። ምኒልክ ታመው ጣይቱ መሾምና መሻር ሲጀምሩስ? በ1902 መኳንንቱ ከሥልጣን ገለል አደረጓቸው። ጠላት ሲመጣ ወንድ፣ ወንበር ሲመጣ ሴት።

አባ መብረቅ፦ እሱ የሸዋና የሰሜን ሽኩቻ ነው። ሁሉን ነገር ጾታ ላይ አትለጥፊው።

ታዛቢ፦ ሩቅ ምን አስኬዳችሁ። ጥቅምት 2011 ላይ ከ20 ሚኒስትር 10 ሴት ሲሾም፣ መከላከያ ደግሞ ለአይሻ መሐመድ ሲሰጥ የሰፈራችን ካፌ ሳቅ በሳቅ ነበር። ከመንፈቅ በኋላ ተነሳች። ኅዳር 2014 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የወታደር ልብስ ለብሰው ግንባር ሲታዩ ያው ካፌ «ወንድ መሪ!» አለ። እዚያው ጠረጴዛ፣ እነዚያው ሰዎች።

አባ መብረቅ፦ ጠላት ደጅ ሲደርስ በሱፍ ይቁሙ?

ታዛቢ፦ ሱፍ ለብሶም ጦር ይመራል። ልብሱ ለካሜራ ነው።

ጎንደሬው ከዲሲ፦ ካሜራ ባይኖር ወታደሩ በምን ይነቃቃል? ጦርነት አይታችሁ አታውቁም።

የቄራው፦ አንተ ዲሲ ሆነህ አይተሃል ማለት ነው?

ጎንደሬው ከዲሲ፦ ያባረረኝን መንግሥት ጠይቅ እንግዲህ። ስድብ ከሆነ እኔም እችላለሁ።

እሙ ናታን፦ ተዉ እንጂ፣ ሁለታችሁም! አባ መብረቅ፣ የኩባዎቹን ዘለልካቸው።

አባ መብረቅ፦ አልዘለልኩም። ኩባ ባይመጣም ይመለስ ነበር። ማታ ከሥራ ስወጣ በዝርዝር እጽፍልሻለሁ።

እሙ ናታን፦ ጻፈው። መንግሥቱ በግንቦት 1982 ስላስረሸናቸው 12 ጄኔራሎችም ጨምርበት። ጦሩን የሚመሩትን ጨርሶ ማን ሊዋጋለት ነበር?