ኮርንሆል፦ ልኩ ስንት ነው? ከየትስ መጣ?

ጓሮ_ሰው፦ የኮርንሆልን (ከረጢት እየወረወሩ ዘንበል ባለ ሰሌዳ ቀዳዳ ውስጥ የሚያስገቡበትን ጨዋታ) ሰሌዳ ራሴ ልሠራ ነው። ልኩን የሚነግረኝ? ከረጢቱስ በበቆሎ ይሞላ በፕላስቲክ? ጨዋታው ከጀርመን ነው የመጣው የሚባለውስ?

አናጢው፦ 61 በ122 ሳንቲሜትር። ቀዳዳው 15 ሳንቲ ስፋት፣ መሃሉ ከላይኛው ጠርዝ 23 ሳንቲ። ከኋላ 30 ሳንቲ ከፍ ይበል፣ ከፊት 10 አይለፍ። ከ18 ሚሊ የሳሳ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ከሥሩ መሃል ላይ ድጋፍ ምታበት፣ አለዚያ ከረጢቱ ይነጥራል። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፤ ቫርኒሽ ካበዛህ ግን ሁሉም ተንሸራቶ ከኋላ ይወድቃል። በሁለቱ ሰሌዳዎች ፊት መካከል 8.2 ሜትር።

ሸራ፦ ከረጢቱ 15 በ15፣ 450 ግራም ገደማ። በቆሎ ድምፁ ደስ ይላል፤ ግን እየተፈጨ ዱቄቱ በሸራው ይወጣል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ አይጥም ትወደዋለች። ፕላስቲክ ፍሬ ይሻላል።

ዘጠኝ_ነጥብ፦ የጀርመኑም ሆነ ጨዋታውን የአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት ገበሬ ፈለሰፈው የሚለው ታሪክ ማስረጃ የለውም። በሰነድ ያለው ሄይሊገር ዴ ዊንት በ1883 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለተመሳሳይ ጨዋታ ያስመዘገበው ፓተንት (የፈጠራ መብት) ነው፤ ቀዳዳው ግን አራት ማዕዘን ነበር! ያሁኑን ያስፋፋችው በተለይ የአሜሪካዋ ከተማ ሲንሲናቲ ናት። ነጥቡን አትርሳ፦ ቀዳዳ 3፣ ሰሌዳ 1፣ በየዙሩ የሁለቱ ወገን ነጥብ ይቀናነስና ልዩነቱ ብቻ ለበለጠው ይያዛል፤ እስከ 21። ለኔ ጣዕሙ ቀዳዳው አፍ ላይ ከረጢት ጋርዶ ተቃራኒን ማስጨነቅ ነው።