እርጥብ እንጨት መቀቀያ፦ በርሜል ይሻላል ወይስ የድግስ ድስት?

ገበቴ_ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከእርጥብ ግራቪሊያና ከዋንዛ በቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በሚያስፍቅ ማሽን) ጎድጓዳ ሳህን አወጣለሁ። ስፋታቸው ከ25 እስከ 28 ሴ.ሜ ነው፣ ግድግዳቸውን 3 ሴ.ሜ ያህል አስቀርቼ ነው የማደርቃቸው። ጥላ ውስጥም ሆነው በተለይ ግራቪሊያው ይሰነጠቃል። ቀቅሎ ማድረቅ ይረዳል ስለሚባል፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ለሁለት አስቆርጬ ባለ 2,000 ዋት የውኃ ማሞቂያ ልገጥምለት አስቤያለሁ። ቦታው አዲስ አበባ ነው። በርሜሉ ይሆናል? ስንት ሰዓት ልቀቅል? ከዚያስ?

በያጁ

ይሆናል፣ ግን መጀመሪያ በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር አጣራ። ቤንዚን፣ ቲነር ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል የነበረበትን አትንካው። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት የግራይንደር ብልጭታ ሲያገኘው ይፈነዳል። የምግብ ዘይት የነበረበትን ፈልግ። እሱንም በሙቅ ውኃና በኦሞ እጠበው፣ የመሙያ ቀዳዳዎቹን ሁለቱንም ክዳኖች ክፈት፣ ከመቁረጫው መስመር አራት ጣት ዝቅ እስኪል ውኃ ሙላበትና ከዚያ ቁረጥ።

ቁመቱ 88 ሴ.ሜ ገደማ ስለሆነ 45 ላይ ቁረጠው። 35 ሴ.ሜ ውኃ ስታደርግበት 90 ሊትር ያህል ይይዛል። የማፍሰሻውን ቧንቧ ከታች 5 ሴ.ሜ ከፍ አድርገህ አስበይድ፤ እንጨት ሲቀቀል ዝቃጭ ስለሚጥል መሬቱ ላይ ያለ ቧንቧ ቶሎ ይደፈናል። የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ አለስልሰው።

ክዳኑን ከላይ ጣል ብቻ አድርገው። በብሎንም በሽቦም አትጠፍረው። እንፋሎት መውጫ ካጣ ያ በርሜል ፈንጂ ነው።

ዋንዛ_ወዳጅ

በያጁ ስለ ፍንዳታው ልክ ነው፣ ግን እኔ ለሳህን የሚሆን እንጨት ብረት በርሜል ውስጥ አልከትም። እንጨት ውስጥ ታኒን የሚባል የሚያጠብቅ ንጥረ ነገር አለ፤ ታኒን ከብረት ጋር ውኃ ውስጥ ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይሆናል። ግራርና ባሕር ዛፍ በዚህ የከፉ ናቸው። ጥቁረቱ ላይ ላዩን ብቻ ቢሆን በቶርኖ ይነሣ ነበር፤ ረጅም ሲቀቀል ግን በተለይ ዳርና ዳሩ ላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ከ60 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ የአሉሚኒየም የድግስ ድስት ግዛ፣ አሮጌም ቢሆን። ከዚያ በኋላ ለወጥ አይመለስም፣ ይህን ከወዲሁ ለቤተሰብ ተናገር።

ሰው ድስት ለውጦ አሁንም ጠቆረብኝ የሚለው ሌላ ብረት አብሮ ስለሚያስገባ ነው። ሳህኑን ከመሬቱ ለማንሣት ቶንዲኖ ያነጥፋል፣ እንዳይንሳፈፍ በሽቦ ያስረዋል፣ የነካው ቦታ ሁሉ መስመር ሆኖ ይወጣል። ከታች ሸክላ ጡብ አድርግ፤ እንጨቱ የድስቱን መሬት ከነካ ያርራል። ሳህኑን አፉን ወደ ላይ አድርገህ አስገባው፤ ከተደፋ ሆዱ ውስጥ አየር ይዞ ይንሳፈፋል፣ ግማሹም ሳይበስል ይቀራል። ከላይ ሌላ ጡብ ጫንበት። ውኃው ከእንጨቱ 5 ሴ.ሜ በላይ ይሁን፣ ሲጎድል የፈላ ውኃ ጨምርበት።

ሁለቱን እንጨት አብረህ አትቀቅል። የአንዱ ቀለም ሌላውን ይበክላል፣ የዋንዛው ቀለም ዓይንህ እያየ ይበላሻል። ግራቪሊያ ደግሞ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል፤ ውኃውን ስትደፋ ጓንት አድርግ።

ገበቴ_ሠሪ

እሺ፣ ድስት ይሁን። ማሞቂያውን እዚያው ውስጥ ብነክረውስ?

ሰጋቱራ

ሒሳቡን ተመልከት። 60 ሊትር ውኃን ከ18 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ ወደሚፈላበት 92 ለማድረስ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስድበታል፤ ክዳኑ ካልገጠመ ከሦስት ያልፋል። መቀቀሉ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማሞቂያው ከውኃ በላይ ከወጣ ደግሞ በደቂቃዎች ይቃጠላል። የግድ ከሆነ የመሬት መስመር ያለው ሶኬትና ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚቆርጥ ብሬከር ይኑርህ፣ እጅህንም ሳትነቅል አትክተት።

ቶርኖ ያለው ሰው ግን ማገዶ በነጻ አለው። የሰጋቱራ ምድጃ ሥራ፦ ባለ 20 ሊትር ቆርቆሮ ውሰድና ከታች ጎኑ ላይ 8 ሴ.ሜ ቀዳዳ አውጣ። በዚያ በኩል አንድ ቧንቧ አግድም፣ ሌላ ደግሞ ከላይ መሐል ለመሐል ቀጥ አድርገህ አገናኛቸው። ዙሪያውን ደረቅ ሰጋቱራ በእንጨት እየጠቀጠቅህ ሙላና ቧንቧዎቹን እያዞርክ አውጣቸው። ካልጠቀጠቅከው መሐል ላይ ተንዶ ይጠፋል፤ እርጥብ ከሆነ ጭስ ብቻ ነው። ከቶርኖ የሚወጣው ረጅም ፍቅፋቂ ብቻውን አይጠቀጠቅም፣ ከመጋዝ ሰጋቱራ ጋር ደባልቀው። አንዴ ከተያያዘ ለሰዓታት ሳይነካ ይነዳል። ድስቱ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አይቀመጥ፤ ዙሪያው በጡብ ተሠርቶ ሦስት ጣት ክፍተት ይኑረው። ውጭ ይሁን፣ ከሥራ ቤቱ ራቅ ብሎ።

ዋንዛ_ወዳጅ

ስለ ሰዓቱ፦ በውጭ አገር የተለመደው ለ2.5 ሴ.ሜ ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለአንተ 3 ሴ.ሜ ሁለት ሰዓት ስጠው። ሰዓቱ የሚቆጠረው እንጨቱ ገብቶ ውኃው *እንደገና* ሲፈላ ነው። መንተክተክ አያስፈልገውም፣ ቀስ ብሎ ይፍላ።

ከፈላ ውኃ አውጥተህ ንፋስ ላይ አታስቀምጠው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው። እሳቱን አጥፍተህ እዚያው ውኃው ውስጥ ይደር። ጠዋት ጠርገህ፣ መጋዝ አግድም የቆረጠውን ፊትና ጠርዙን ሰም ቀባው፣ ከዚያ በወረቀት ከረጢት አስገብተህ ወለል ላይ አኑረው። የሲሚንቶ ከረጢት አይሁን፤ የቀረው ብናኝ እርጥቡን እንጨት ቀለሙን ይለውጠዋል። በየሳምንቱ መዝነህ ክብደቱን እዚያው ላይ በእርሳስ ጻፍበት። ሦስት ሳምንት ካልቀነሰ ደርቋል፣ ወደ ቶርኖው መልሰው።

አንድ ነገር ግን አትጠብቅ፦ እምብርቱ (የግንዱ መሐል ለመሐል ያለው ልብ) ያለበትን ሳህን መቀቀል አያድነውም። ግንዱን ስትሰነጥቅ ከእምብርቱ ግራና ቀኝ 2 ሴ.ሜ ቆርጠህ ጣል። ግድግዳው ከላይ 3፣ ከታች 5 ሴ.ሜ ከሆነም አያድነውም፤ ቀጭኑ ቀድሞ ሲኮማተር ወፍራሙ አልላቀቅ ይለዋል። ውፍረቱ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ይሁን፣ ከስፋቱ አንድ አሥረኛ በቂ ነው። ለዋንዛውማ መቀቀሉን ተወው፤ ሳይቀቀልም በደንብ የሚደርቅ እንጨት ነው፣ ሰጋቱራህን ለግራቪሊያው ቆጥበው።

በያጁ

ነቀዝ የገባበት ዋንዛ ከሆነ ግን ቀቅለው፤ ትሉም እንቁላሉም ይሞታል። ደርቆ ከተቀመጠ በኋላ አዲስ ነቀዝ እንዳይገባበት ግን መቀቀሉ አይከለክልም፣ ቶሎ ዘይት ቀባው።