ክርክር፦ የ10,000 ዩሮው ገደብ ይነሳ ወይስ ይቆይ? የብሪታንያ የቤት ኪራይና የገንዘብ ማጠብ ቁጥጥር

ሸገር፦ በብሪታንያ የወንጀል ገንዘብ በቤት ኪራይ በኩል እንዳይታጠብ ሲባል እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 10 ቀን 2020 ጀምሮ የወር ኪራዩ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የሆነ ቤት የሚያከራይ ኤጀንት በግብር መሥሪያ ቤቱ፣ በኤችኤምአርሲ ዘንድ ይመዘገባል። ውል ከመፈረሙ በፊት አከራዩንም ተከራዩንም ያጣራል፣ ሰነዱን 5 ዓመት ያስቀምጣል። ከዚያ በታች ይህ ግዴታ የለም። ገደቡ ተነስቶ ግዴታው ለማንኛውም ኪራይ ይሁን የሚሉ አሉ፤ እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። በወር 1,400 ፓውንድ ለሚከራይ ባለ አንድ መኝታ ቤት የገንዘብ ምንጭ ማስረጃ መጠየቅ ወረቀት ከማከማቸት አያልፍም።

አባ መላ፦ አልስማማም። ገንዘብ የሚታጠብበትን አካሄድ ልንገርህ። ተከራዩ 1,400 ሲጠበቅበት 8,400 ፓውንድ ይልካል። በነጋታው «ተሳስቼ ነው፣ ትርፉን በዚህ ሂሳብ መልሱልኝ» ይላል፤ ሂሳቡ የሌላ ሰው ነው። ኤጀንቱ ከመለሰ፣ 7,000 ፓውንድ ከቤት ኪራይ ድርጅት የመጣ ንጹሕ ገንዘብ ሆኖ ወጣ። ለዚህ የቅንጦት ቤት አያስፈልግም።

ሸገር፦ ይህንን የማጣሪያ ሰነድ መሰብሰብ አይከላከለውም። የሚከላከለው የሂሳብ ሠራተኛዋ ገንዘብ ወደ ሦስተኛ ሰው ሂሳብ አለመመለሷ ነው።

አባ መላ፦ ከገደቡ በታች ያለ ቢሮ ሠራተኞች ስለ ገንዘብ ማጠብ ያላቸውን ጥርጣሬ የሚቀበል ኃላፊ የመመደብ ግዴታ የለበትም፣ ሠራተኛም አያሠለጥንም። ታዲያ ልጅቷ ማን ነግሯት ታውቀዋለች?

የጣና ዳር፦ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ከሜይ 14 ቀን 2025 ወዲህ በማዕቀብ በኩል ገደብ የሚባል የለም። ኪራዩ ምንም ያህል ይሁን፣ ኤጀንቱ ደንበኛው ማዕቀብ የተጣለበት መሆኑን ካወቀ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ካለው ለግምጃ ቤቱ የማዕቀብ ቢሮ፣ ለኦፍሲ፣ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። በእጁ ያለውን የሰውየውን ገንዘብ አይነካም፤ ዓይነቱንና መጠኑን በሪፖርቱ ይገልጻል። ቅጣቱ እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም የጥሰቱ ዋጋ ግማሽ፣ ከሁለቱ የበለጠው ነው። ስለዚህ የ600 ፓውንድ ክፍል የሚከራይም ሰው ስሙ ይፈተሻል።

እዚህ ላይ የሚጎዳው የኛ ሰው ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፓስፖርት ላይ በዚያ ቦታ የአባት ወይም የአያት ስም ይገባል። መሐመድ የሚለው ስም ብቻውን በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል! ሶፍትዌሩ «ተመሳሳይ ስም ተገኘ» ሲል ብዙ ኤጀንት እዚያው አቁሞ ቤቱን ለሌላ ይሰጣል። ይህ በደል ነው። የስም መመሳሰል ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም። የትውልድ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዜግነቱን፣ የፓስፖርት ቁጥሩን ከማዕቀብ ዝርዝሩ ጋር ጎን ለጎን ማየት ይገባል፤ ካልተገጣጠመም ምክንያቱን ጽፎ ፋይሉ ውስጥ ማኖር። የቀን አቆጣጠራችንንም ማወቅ ያሻል፦ የልደት ወረቀቱ 1982 ያለው ፓስፖርት ላይ 1989 ወይም 1990 ነው። በስደት ከመጡት ብዙዎቹ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብለው ስለተመዘገቡ ቀኑ ብቻውን ሰው አይለይም።

ሸገር፦ እህቴ፣ ይህ የኔን ሐሳብ ይደግፋል። ስም መፈተሹ እንዲህ ካስቸገረ፣ ሙሉ ማጣራት ሲጨመርበት ስንቱ ቤት አጥቶ ይቀራል? የአጎቱ ልጅ ከዱባይ ኪራይ የሚከፍልለት ተማሪ አለ። የከፋዩ መታወቂያ፣ ዝምድናው፣ የባንክ መግለጫው ይጠየቃል፤ እስኪመጣ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል።

አባ መላ፦ ተማሪውን የሚጥለው ማጣራቱ ሳይሆን ማጣራት የማያውቅ ሰው ነው። የሠለጠነ ሰው ሦስቱን ወረቀት መጀመሪያ ቀን ይጠይቃል። ደግሞ ሁላችሁም ዓይናችሁ ተከራዩ ላይ ብቻ ነው። አከራዩስ? ባለቤትነቱን ከመንግሥት የንብረት መዝገብ፣ ከላንድ ሬጂስትሪ፣ በ7 ፓውንድ ማየት ይቻላል። ቤቱ በኩባንያ ስም ከሆነ ከ25 በመቶ በላይ ድርሻ ያለው ማን እንደሆነ ይጣራል። ይህን ማንም ቢሮ ያለ ገደብ ቢያደርገው ተከራዩን ምንም አያስከፍለውም።

ሸገር፦ በአከራዩ በኩል እቀበላለሁ። በተከራዩ ላይ ግን አሁንም አይሆንም። ጥርጣሬውን ለብሔራዊ የወንጀል መከላከያው፣ ለኤንሲኤ፣ አሳውቀህ ክፍያውን ለመቀጠል ፈቃድ ስትጠይቅ መልሱ እስከ 7 የሥራ ቀን ይወስዳል፤ ከተከለከልክ ሌላ 31 ቀን ይጨመራል። ለተከራዩ ምክንያቱን ልትነግረው አትችልም፣ ምርመራውን የሚያሰናክል ከሆነ ወንጀል ነው። ሻንጣውን ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ምን ተብሎ ይመለሳል?

የጣና ዳር፦ ያለ ኤጀንት በቀጥታ የሚያከራየውስ? የምዝገባውም የማጣራቱም ግዴታ አይነካውም፤ የማዕቀብ ሕጉና የወንጀል ገንዘብ ሕጉ ግን እሱንም ይይዙታል። ገደቡን ለኤጀንት ብቻ ካነሳችሁ መጥፎው ገንዘብ በቀጥታ ወደሚያከራየው ይዞራል።