አንት የመስመር ማብቂያ ሲቀይር የአማርኛ ፋይሎች ለምን ይበላሻሉ? (ዊንዶውስ ኤጀንት፣ ጄዲኬ 11)

የሌሊት_ቢልድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጃቫ ፕሮጀክት ነው። ገንቢዎቹ ግማሹ ዊንዶውስ፣ ግማሹ ኡቡንቱ ይጠቀማሉ። ቢልዱን (ኮዱን ወደ ፓኬጅ መቀየሩን) የሚያስኬደው ጄንኪንስ ሲሆን ኤጀንቱ (ሥራው የሚሠራበት ማሽን) ዊንዶውስ ነው፤ የቢልድ መሣሪያው አንት 1.10፣ የጃቫ ኪቱ ጄዲኬ 11። የሚወጣው ፓኬጅ ሁለት ነው፤ ለሊኑክስ ታር፣ ለዊንዶውስ ዚፕ።

መጀመሪያ የታየው ችግር የተለመደው የመስመር ማብቂያ ነው፤ ዊንዶውስ መስመርን በሁለት ባይት (ሲአርኤልኤፍ፣ 13 እና 10) ይዘጋል፣ ሊኑክስ በአንድ (ኤልኤፍ፣ 10)። ፓኬጁ ሊኑክስ ላይ ተፈትቶ ማስጀመሪያ ስክሪፕቱ ሲጠራ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ይላል፤ ፋይሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ፓኬጁ ከመታሸጉ በፊት ይህን የአንት ታስክ አስገባን፦

<ፊክስሲአርኤልኤፍ ኤስአርሲዲር="ዲስት" ኢኦኤል="ኤልኤፍ" ኢንክሉድስ="**/*"/>

የ«ፋይሉ የለም» ስህተት ጠፋ፣ ሌላ መጣ። የአማርኛ መልእክቶች ያሉበት የፕሮፐርቲስ ፋይል ውስጥ «ሰላም።» ከሚለው «ሰላ» ደህና ሆኖ «ም» እና አራት ነጥቡ ወደ ጥያቄ ምልክትና ወደማይነበብ ነገር ተቀይረዋል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ደግሞ መልእክቱ በሙሉ የላቲን ፊደል ትርምስ ነው። ሎጎው (ፒኤንጂ) አይከፈትም። ስክሪፕቱም አሁን «ፈቃድ የለህም» ይላል። እነዚህ ሁሉ ከአንዷ መስመር ነው የመጡት? ትክክለኛው አሠራርስ የቱ ነው?

ባይት_ቆጣሪ፦

አዎ፣ ከ«ፈቃድ የለህም» በስተቀር (ወደ እሱ እመለሳለሁ) ሁሉም ከዚያች መስመር ነው። ከአማርኛው ልጀምር፤ ሰው ቶሎ የማይጠረጥረው እሱን ነውና።

ይህ ታስክ 13 እና 10 ቁጥር ባይቶችን ብቻ ፈልጎ የሚነካ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ፋይሉን ወደ ፊደል ፈትቶ ያነባል፣ ከዚያ መልሶ ወደ ባይት ይጽፋል። ኢንኮዲንጉን (ፊደል በየትኞቹ ባይቶች እንደሚጻፍ የሚወስነውን ሠንጠረዥ) ካልነገርከው የጄቪኤሙን (ጃቫን የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ነባሪ ይወስዳል። እስከ ጄዲኬ 17 ድረስ ነባሪው ከሲስተሙ ነው የሚመጣው፤ በእንግሊዝኛ የተጫነ ዊንዶውስ ላይ ዊንዶውስ-1252 ማለት ነው። ከጄዲኬ 18 ጀምሮ ግን የትም ቢሆን ዩቲኤፍ-8 ሆኗል።

አሁን «ሰላም።» በዩቲኤፍ-8 እንዴት እንደተቀመጠ ተመልከት፦

ሰ = 225 136 176
ላ = 225 136 139
ም = 225 136 157
። = 225 141 162

ዊንዶውስ-1252 ውስጥ ምንም ፊደል ያልተመደበላቸው አምስት ባይቶች አሉ፤ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። ጃቫ ከእነዚህ አንዱን ሲያገኝ «አይታወቅም» በሚል ምልክት ይተካዋል፤ መልሶ ሲጽፍ ያ ምልክት ጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ባይት 63። ስለዚህ «ም» 225 136 63 ሆኖ ይቀራል፣ አራት ነጥቡም 225 63 162። «ሰ» እና «ላ» ውስጥ እነዚያ ባይቶች ስለሌሉ ሄደው በሰላም ይመለሳሉ። በዚህ መንገድ የሚጠፉት ብርቅ ፊደላት እንዳይመስሉህ፤ ል፣ ም፣ ው፣ ነ፣ ኝ፣ ዝ፣ ግ፣ ሁ፣ ቁ፣ ሐ እና ዐ ሁሉ አሉበት። የፀ፣ የፈ እና የፐ ዘሮች፣ ሥርዓተ ነጥቦቹና የግዕዝ ቁጥሮች ደግሞ መካከለኛ ባይታቸው 141 ስለሆነ አንዳቸውም አይተርፉም። የጠፋው ባይት የቱ እንደነበር ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም፤ ከሪፖው (ጊት ከሚይዘው የኮድ ማከማቻ) እንደገና ማውጣት ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ ሁሉም ትርምስ የሆነበት ምክንያት ሌላ ነው። ከጃቫ 9 ወዲህ የሪሶርስ ባንድል ፕሮፐርቲስ ፋይሎች በዩቲኤፍ-8 ይነበባሉ፤ ግን የተሰበረ ባይት ሲገኝ ጃቫ ዝም ብሎ ወደ አይኤስኦ-8859-1 ይመለስና ያነበበውን እንደገና በዚያ ያነባል። አንድ የተሰበረ «ም» ትንሽ ፋይልን በሙሉ ይዞ ይሄዳል።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ በእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ቦታ ሦስት ሦስት ጥያቄ ምልክት ካያችሁ ጥፋተኛው 1252 አይደለም፣ አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደላትን ብቻ የሚያውቀው ኢንኮዲንግ) ነው። ሎኬሉ ያልተሞላ የዶከር ኮንቴይነር ውስጥ በአሮጌ ጄዲኬ የሚሆነው ይህ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው፤ ታስኩ ላይ ኢንኮዲንግ="ዩቲኤፍ-8" ጨምር። የፋይሎቹ ኢንኮዲንግ የተደባለቀ ከሆነ አይኤስኦ-8859-1 ብትሰጠው ይሻላል። 256ቱም ባይቶች እዚያ ውስጥ አንድ ለአንድ ስለተመደቡ ያልነካኸው ባይት እንዳለ ይወጣል። ለዩቲኤፍ-16 ግን ይህ ዘዴ አይሆንም።

ተርሚናል_ብቻ፦

ማብራሪያው ልክ ነው። ግን በእኔ አስተያየት ያ ታስክ ከመጠገን ይልቅ ከቢልዱ ቢወጣ ይሻላል። ስክሪፕቱ ሪፖ ውስጥ በኤልኤፍ ከሆነ ማን ሲአርኤልኤፍ አደረገው? ኤጀንቱ ላይ ያለው ጊት ነው። ጊት ለዊንዶውስ ሲጫን ነባሪው ምርጫ ኮር.ኦቶሲአርኤልኤፍን «እውነት» ያደርገዋል፤ ቼክአውት ሲደረግ (ፋይሎቹ ከሪፖው ወደ ዲስክ ሲወጡ) ሁሉም የጽሑፍ ፋይል ሲአርኤልኤፍ ይሆናል። መቆጣጠር ያለበት የእያንዳንዱ ማሽን ሴቲንግ ሳይሆን ሪፖው ራሱ ነው። ሥሩ ላይ .ጊትአትሪቢውትስ የሚባል ፋይል አስቀምጥ፦

* ቴክስት=ኦቶ
*.ኤስኤች ቴክስት ኢኦኤል=ኤልኤፍ
ቢን/ስታርት ቴክስት ኢኦኤል=ኤልኤፍ
*.ፕሮፐርቲስ ቴክስት ኢኦኤል=ኤልኤፍ
*.ባት ቴክስት ኢኦኤል=ሲአርኤልኤፍ
*.ፒኤንጂ ባይነሪ
*.ጄኬኤስ ባይነሪ

ሁለተኛው እና ሦስተኛው መስመር ያስፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም። «ኦቶ» ሪፖ ውስጥ ኤልኤፍ ሆኖ እንዲገባ ያደርጋል እንጂ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አሁንም ለማሽኑ ሴቲንግ ይተወዋል። ኢኦኤል ከተጻፈ ግን ኦቶሲአርኤልኤፍ ምንም ቢሆን ሪፖው ያሸንፋል። ቅጥያ የሌላቸውን ስክሪፕቶች በስማቸው መጥራት እንዳትረሳ፤ ኮከብ-ነጥብ-ኤስኤች አያገኛቸውም።

ከዚያ ጊት አድ በ--ሪኖርማላይዝ (ከጊት 2.16 ጀምሮ አለ) አስኪድና ለብቻው ኮሚት አድርገው፤ ሌላ ለውጥ አትቀላቅልበት። ክፍት ብራንቾች ካሉ አስቀድመው ይግቡ፣ ካልሆነ እያንዳንዱ መስመር ግጭት ይሆናል። መግባት ካልቻሉ መርጁን በ-ኤክስ ሪኖርማላይዝ አድርጉት። የዚያን ኮሚት ቁጥር .ጊት-ብሌም-ኢግኖር-ሬቭስ ውስጥ ጻፍና ብሌም.ኢግኖርሬቭስፋይል ላይ ጠቁመው፤ ከጊት 2.23 ወዲህ ብሌም (እያንዳንዱን መስመር ማን እንደቀየረ የሚያሳየው ትእዛዝ) ይዘለዋል።

ሰው የሚስተው እርምጃ ቀጣዩ ነው። የኤጀንቱ ወርክስፔስ ውስጥ ቀድሞ የወጣው ፋይል በራሱ አይታደስም። ወርክስፔሱን አጥፍተህ እንደገና ቼክአውት አድርግ። ለማረጋገጥ ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ በ--ኢኦኤል ጥራው፤ ለእያንዳንዱ ፋይል ኢንዴክስ ውስጥ ያለውን፣ ዲስክ ላይ ያለውን እና የተሰጠውን አትሪቢውት ጎን ለጎን ያሳይሃል።

የሌሊት_ቢልድ፦

በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። ሪፖው በዚህ ይስተካከላል። ግን ዚፑ ውስጥ የሚገባው «አንብበኝ» ፋይል ሲአርኤልኤፍ፣ ታሩ ውስጥ ያለው ኤልኤፍ መሆን የለበትም? ጊት አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠኝ።

ተርሚናል_ብቻ፦

ኖትፓድ ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1809 ጀምሮ ኤልኤፍን በትክክል ያሳያል። ለእሱ ብለህ ቢልዱን አታወሳስብ። ሲአርኤልኤፍ የግድ የሚለው የባት እና የሲኤምዲ ፋይል ነው። ኤልኤፍ ብቻ ከሆነ ጎቱ (ወደ ሌላ መስመር የሚዘለው ትእዛዝ) የሚፈልገውን መለያ አንዳንዴ ያገኛል፣ አንዳንዴ «መለያው አልተገኘም» ይላል። መለያው ፋይሉ ውስጥ ባለበት ቦታ ላይ ስለሚወሰን አንድ መስመር ኮሜንት ጨምረህ ሲሠራ ካየህ አትደነቅ፣ አልተስተካከለም።

ባይት_ቆጣሪ፦

በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ታስኩን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አይቻልም፤ ጊት የማያውቃቸው ፋይሎች አሉ። ቢልዱ ራሱ የሚጽፋቸው ማለቴ ነው፤ የስሪት ቁጥር ያለበት ፕሮፐርቲስ፣ ከቴምፕሌት የሚወጣ ኮንፊግ፣ ጀነሬተር የሚያወጣው ስክሪፕት። የአንት ፕሮፐርቲፋይል ታስክም ሆነ የጃቫ ፕሪንትኤልኤን የሚጠቀሙት የማሽኑን ማብቂያ ነው፤ ኤጀንቱ ዊንዶውስ ከሆነ ሲአርኤልኤፍ ይወጣል። ለእነዚህ ታስኩ ይቆይ፣ ግን እንዲህ፦

<ፊክስሲአርኤልኤፍ ኤስአርሲዲር="ስቴጅ/ሊኑክስ" ኢኦኤል="ኤልኤፍ" ኢንኮዲንግ="ዩቲኤፍ-8" ኢኦኤፍ="አዚዝ" ፊክስላስት="ፎልስ" ኢንክሉድስ="ቢን/*.ኤስኤች,ኮንፍ/*.ፕሮፐርቲስ"/>

ኮከብ-ኮከብ አትጻፍ፣ የሚቀየረውን ብቻ ጥቀስ። ሎጎህ የተበላሸው በዚያ ነው። የፒኤንጂ ፋይል የመጀመሪያ ስምንት ባይቶች 137 80 78 71 13 10 26 10 ናቸው፤ ሲአርኤልኤፍ አንድ ጊዜ፣ ኤልኤፍ ብቻውን አንድ ጊዜ እንዲገቡ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፣ እንዲህ ያለ ለዋጭ ከነካው ፋይሉ ገና ሲከፈት እንዲታወቅ። ጃርና ኪስቶር (የቁልፍ ማከማቻ ፋይል፣ .ጄኬኤስ) ቢሆን የምታውቀው ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ ሌላ የማይገናኝ ስህተት ሆኖ ነው። ፊክስላስት ነባሪው «እውነት» ስለሆነ የመጨረሻው መስመር ማብቂያ ከሌለው ይጨምርበታል። የፋይሉ ይዘት ላይ ሐሽ የሚሠራ ነገር ካለ ይህ ብቻውን ይሰብረዋል። ሻ-256 እና ፊርማም ከዚህ እርምጃ በኋላ እንጂ በፊት አይሠሩ።

ታስኩ የሚሠራበት ፎልደርም ቼክአውቱ መሆን የለበትም፤ ወደ ስቴጅ ተቀድቶ እዚያ ይቀየር። አለበለዚያ ዲስክ ላይ ያለው ጊት ከሚጠብቀው ጋር ይለያያል፣ ቀጣዩ ቢልድ ከተነካካ ወርክስፔስ ይነሳል።

«ፈቃድ የለህም» ያልከው ከማብቂያው ጋር አይገናኝም። ዊንዶውስ ላይ የማስኬድ ፈቃድ የሚባል ቢት የለም፣ ሊኑክስ ላይም ቢሆን ታስኩ ፋይሉን በአዲስ ፋይል ስለሚተካ ፈቃዱ ይጠፋል። የሚጻፈው ሲታሸግ ነው፤ በታርፋይልሴት ውስጥ ለስክሪፕቶቹ ፋይልሞድ="755" ስጥ፣ ያንኑ ፋይል ከሌላው ፋይልሴት ኤክስክሉድ አድርገው፤ ካልሆነ ሁለት ጊዜ ይገባል።

ሀያ_ሁለት_ማዞሪያ፦

ዩቲኤፍ-16 ስለተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፤ አማርኛ ላይ ከሌላው የባሰ ነው። የድሮው ኖትፓድ «ዩኒኮድ» እያለ የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-16 ነበር፤ የኢንስቶለር ጽሑፍና የፈቃድ ስምምነት ፋይሎች ውስጥ አሁንም ይገኛል። እዚያ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሁለት ባይት ነው፦ ሊ = 18 እና 10፣ ል = 18 እና 13፣ ጊ = 19 እና 10፣ ግ = 19 እና 13። አያችሁት? የፊደሉ ግማሽ ራሱ የመስመር ማብቂያ ይመስላል። ቲአር በሚባለው ትእዛዝ 13 ቁጥር ባይትን ከፋይሉ ብታጠፉ እያንዳንዱ «ል» እና «ግ» ግማሽ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ባይት ይንሸራተታል። ጊት በ«ኦቶ» ቢሆን ዜሮ ባይት ስለሚያይ ባይነሪ ነው ብሎ ይተወዋል። አትሪቢውቱ ላይ «ኦቶ»ን ትታችሁ ቴክስት ብቻ ብላችሁ ካስገደዳችሁት ግን ይቀይረዋል። ወይ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 አድርጉት፣ ወይ ወርኪንግ-ትሪ-ኢንኮዲንግ የሚለውን አትሪቢውት ተጠቀሙ፤ ከጊት 2.18 ጀምሮ ይሠራል።

እና ፓኬጁ ከታሸገ በኋላ አንድ የፍተሻ እርምጃ አስገቡ። ታሩን ባዶ ፎልደር ውስጥ ፍቱትና በግሬፕ፣ ባይነሪን በሚያልፈው አማራጭ፣ 13 ቁጥር ባይት ያለባቸውን ፋይሎች ስም አስወጡ። ከባት ፋይሎች ውጭ አንድ ስም እንኳ ከወጣ ቢልዱ ይውደቅ። አማርኛውን ለመፈተሽ ደግሞ አይኮንቭን (ኢንኮዲንግ የሚቀይረውን ትእዛዝ) ከዩቲኤፍ-8 ወደ ዩቲኤፍ-8 እንዲቀይር ጥሩት፤ የተሰበረ ባይት ካለ በስህተት ኮድ ይወጣል፣ ጄንኪንስም በራሱ ቀይ ያደርገዋል። አስኪ ያበላሸውን ግን አይኮንቭ አይዝም፤ ሦስት ጥያቄ ምልክት ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ነው። ለእሱ ሦስት ተከታታይ ጥያቄ ምልክት በግሬፕ ፈልጉ።