የሄንሪ ብሌክ መርዶ፦ ተመልካችን እንዲህ ማስደንገጥ አግባብ ነበር?

የማታ ተመልካች

ስለ ኮሪያ ጦርነት የሚተርከውን «ማሽ» የተባለ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ስመለከት ሰንብቼ፣ ትናንት ማታ የሦስተኛውን ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ጨረስኩ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የጦር ሜዳው ሆስፒታል አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ ከአገልግሎት ተሰናብቶ ኢሊኖይ ወዳሉት ሚስቱና ልጆቹ እንዲመለስ ይፈቀድለታል። ወዳጆቹ አዲስ ሙሉ ልብስ ይሰጡታል፤ አብረውት ይጠጣሉ፣ ይስቃሉ። በመጨረሻም ሄሊኮፕተሩ ሊነሣ ሲል ሬዳር የሚባለው ወጣት ጸሐፊ ወታደራዊ ሰላምታ እየሰጠው መቆሙን አይቶ፣ ሮጦ ተመልሶ ያቅፈዋል። እኔም እዚያ ላይ አልቅሼ ታሪኩ ያበቃ መሰለኝ።

ቀጥሎ ግን ሐኪሞቹ ቁስለኞችን በማከም ላይ ሳሉ ሬዳር ወረቀት ይዞ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይገባል። ማስክ እንዲያደርግ ቢነገረውም እዚያው እንደ ቆመ የሄንሪ አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ መውደቁንና አንድም ሰው አለመትረፉን ያነባል። አውሮፕላኑን አላየንም፤ አስከሬንም አላየንም፤ ነገር ግን በዝርዝር ከሚታዩ ብዙ የድራማ ሞቶች ይልቅ ይህ ልቤን ሰበረው። ደራስያኑ ይህን ያደረጉት ለምን ይመስላችኋል? አግባብስ ነበር ትላላችሁ?

የድሮ ድራማ ወዳጅ

ክፍሉ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1975 ነበር። ሄንሪን ሆኖ የሚጫወተው ማክሊን ስቲቨንሰን ድራማውን ለመልቀቅ ወስኖ ስለ ነበር ገጸ ባሕርዩን መሸኘት ግድ ሆነ፤ በሞት መሸኘቱ ግን የድራማው አዘጋጆች የላሪ ጌልባርትና የጂን ሬይኖልድስ ምርጫ ነው። በየሳምንቱ ስማቸውን የማናውቃቸውን ወጣቶች እየገደለ የምንወዳቸውን ሁሉ በደኅና ወደ ቤታቸው የሚመልስ የጦርነት ድራማ፣ እኔ እንደማምነው፣ ስለ ጦርነት እውነቱን አልተናገረም።

የድርሰቱን የመጨረሻዋን ገጽ ከመሪ ተዋናዩ ከአለን አልዳ በቀር ተዋንያኑ ያዩዋት ሌላው ሁሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ስለ ነበር፣ በዓይኖቻቸው የምናየው ድንጋጤ የትወና ብቻ አይደለም። ትዕይንቱን ሁለት ጊዜ መቅረጽ አስፈልጎ ነበርና በሁለተኛው ጊዜ ከካሜራው እይታ ውጭ የነበረ ሰው ሳያስበው የሕክምና መሣሪያ ከእጁ ወደቀበት፤ አዘጋጆቹም ያንን ድምፅ እንዳለ ተዉት። ደግመው ሲመለከቱ ጆሮዎን ይስጡት፤ ለእኔ ከተነበበው ቃል ሁሉ ይልቅ የሞቱን ክብደት የሚናገረው እሱ ነው።

ሐሳበ ልዩ

ለማብራሪያው አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አልስማማም። በዚያን ጊዜ ብዙ ተመልካቾች ተቆጥተው ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ እኔም ብኖር ኖሮ እጽፍ ነበር። በእኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። ሟቹ ምንም ያህል ቅርብ ቢሆን ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል እንጂ ሰው ሥራ ላይ ሳለ አይወረወርበትም፤ በባዕድ አገር የሚኖር ሰው እንኳ በስልክ ብቻውን እንዳይሰማ ወዳጆቹ ቤቱ ድረስ ይሄዱለታል። ይህ ድራማ ግን ዜናውን በአንድ ትንፋሽ ከነገረን በኋላ ወዲያው ሄንሪ የሚስቅባቸውን የቀድሞ ትዕይንቶች አከታትሎ አሳየን። ለማልቀስ ጊዜ ሳናገኝ ተሰናበትን፤ ይህ ለተመልካች መራራት አይመስለኝም።

የቃኘው ልጅ

ስለ መርዶው ወግ የተጻፈውን ሳነብ አባቴ ትዝ አሉኝ። በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ነበር፤ አገራችን በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ልጆቿን አጥታለች። አባቴ የቅርብ ጓደኛቸው መውደቁን የሰሙት ጥይት በማደል ላይ ሳሉ እንደ ነበር፣ ነጋሪውም ይህንኑ ብቻ ብሎ ወደሚቀጥለው ምሽግ እንዳለፈ፣ እሳቸውም ጥይቱን አድለው እስኪጨርሱ እንዳላለቀሱ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ሽማግሌም ጎረቤትም አልነበረም። ሐሳበ ልዩ በትክክል ያዩት የወጉ መጓደል፣ በእኔ እምነት፣ ትዕይንቱን እውነተኛ የሚያደርገው ነው፤ ጦርነት ሰውን ብቻ ሳይሆን የሚለቀስበትንም ጊዜ ይወስዳል።

የክፍሉ ርእስ «አቢሲኒያ፣ ሄንሪ» መሆኑንም ልብ ብላችኋል? ቃሉ እዚህ ላይ የአገራችን ስም ሆኖ አልገባም፤ በእንግሊዝኛ «እንገናኛለን» የሚለው ሐረግ ፈጠን ተብሎ ሲነገር «አቢሲኒያ» ስለሚመስል የቆየ የስንብት ጨዋታ ነው። ከኮሪያ ያልተመለሱ ልጆች ላሏት አገር ሰው ግን ያንን ርእስ ማንበብ የተለየ ስሜት አለው።

የማታ ተመልካች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ደግሜ አየሁት፤ የወደቀውን መሣሪያ ድምፅም ሰማሁ። በመጀመሪያው ቀን ያላስተዋልኩት ሌላ ነገርም አገኘሁ። የሐኪሞቹና የነርሶቹ ፊት በማስክ ስለተሸፈነ ሐዘናቸውን የምናነበው ከዓይናቸው ብቻ ነው፤ ሁሉም ራሳቸውን ወደ ቁስለኞቻቸው አቀርቅረው ይሠራሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ፊቱ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ማስኩን ያላደረገው ሬዳር ብቻ ነው።