የደንገል መልሶ ተከላ፦ ረቂቅ 3

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ዓርብ ማታ ይዘጋል። ጣና ዳር፣ ከዓባይ መውጫ በላይ 400 ሜትር በ50፣ ማለትም 2 ሄክታር ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል። በየካሬ ሜትሩ አንድ፣ 20,000 ሥር። ድንበሩ ላይ በየ10 ሜትሩ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ 90። ተከላ ነሐሴ። ሁለት ጠባቂ።

ታንኳ ሠሪዎች፦ ሥሩ ካለው ደንገል የሚነቀል ከሆነ ከአንዱ ቦታ ሩቡን ብቻ ውሰዱ። ሁለት ሦስት ቡቃያ ያልያዘ ሥር አይጸድቅም።

ገንዘብ ያዥ፦ ባሕር ዛፍ? ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ረግረጉን በባሕር ዛፍ ማጠር ያሳፍራል።

ጸሐፊ፦ ደረቅ እንጨት ነው ጋሼ፣ ውኃ አይመጥም።

ገንዘብ ያዥ፦ ስማችን ነው ያልኩት። ሲሚንቶ ይሁን።

አስጋሪዎች፦ ሲሚንቶ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ይጋደማል። ብረቱ በሌሊት ተቆርጦ ይሸጣል። ባሕር ዛፉ ግን ውኃው በሚነካው ልክ ይበሰብሳልና የተቃጠለ ዘይት ይቀባ።

ታንኳ ሠሪዎች፦ የተቃጠለ ዘይት ሐይቅ ውስጥ! የዓሣ ጫጩት የሚያድገው እኮ እዚያው ደንገሉ ሥር ነው። አጥፋው ይህን!

አስጋሪዎች፦ እሺ፣ ተሳስቻለሁ። የሚቀበረው ጫፍና ውኃው የሚደርስበት ድረስ በእሳት ይለብለብ፣ ላዩ ከሰል እስኪሆን።

ገንዘብ ያዥ፦ ተለበለበም አልተለበለበም ባሕር ዛፍ ነው። አልፈርምም።

የተክል ባለሙያ፦ ምሰሶውን ተዉትና ነሐሴን ሰርዙ። ያኔ ሐይቁ እየሞላ ነው፤ ጫፉ ከውኃ በላይ ያልቀረ ቡቃያ ታፍኖ ይበሰብሳል። ጥር ላይ፣ ውኃው ሲሸሽ፣ እግር ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚሰምጥበት ጭቃ ላይ ትከሉ፤ ክረምት ሳይገባ ከሰው ቁመት ያልፋል። ጉማሬ ሌሊት የሚወጣበትን መንገድ አይለውጥም፤ በዱካው ልክ 5 ሜትር ክፍት ተዉለት፣ አለዚያ የተተከለውን ረግጦት ያልፋል። እምቦጩንም በነፋሱ በኩል ቀድማችሁ አንሡ፤ የተጠራቀመው ተገፍቶ ሲመጣ ለጋውን ይደፍቀዋል። ያነሣችሁት ደግሞ ዳር ላይ አይከመር፣ ሙላቱ መልሶ ይወስደዋል። ከሁሉ የሚብሰው ከብት ነው። በበጋ ሌላ አረንጓዴ ስለሌለ አዲሱን ቡቃያ ነው የሚግጠው። ጠባቂዎቹ ከጥር እስከ ሰኔ መጨረሻ ሊቀነሱ አይገባም።

ጸሐፊ፦ ሥር ለመቁጠር እጅ ያወጣችሁት ሦስታችሁ የት ናችሁ?

ጸሐፊ፦ መልስ የለም። ለፊርማ ስል ረቂቅ 4፦ ተከላ ጥር፣ ግማሽ ሄክታር፣ 5,000 ሥር። ባሕር ዛፉ ቀርቶ የጽድ ምሰሶ። ልዩነቱ ከጠባቂዎቹ ደመወዝ ይሸፈናል።

ገንዘብ ያዥ፦ አሁን እፈርማለሁ። ሰሌዳም ይጨመር።

የተክል ባለሙያ፦ ከብቱንስ ማን ይመልሰዋል?